ፍሪስት የሚባል ቃልና የቸኮልኩበት ጠዋት

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ «አሁንማ ዕረፍት ነው፣ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ» ይለኝ ነበር። እግሬ ግን አልዘረጋ አለ። ጠዋት ተነስቼ እለብሳለሁ፣ ቦርሳዬን አነግታለሁ፣ ከሰፈሬ ከፉሩሴት ባቡር ይዤ ከተማ እወርዳለሁ፤ የምሄድበት ስለሌለኝ በሚቀጥለው ባቡር እመለሳለሁ። እንዲህ ስመላለስ ወራት አለፉ። ጎረቤቴ «ሥራው ናፍቆሽ ነው» አለችኝ። ሥራው አልነበረም የናፈቀኝ። ለአንድ ሰው ልነግረው የሚገባኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ስል ያቆየሁት ነገር ነበር፤ ሥራ ሲበዛብኝ እሱን መሸሻ አላጣም ነበር፣ አሁን ግን መሸሻው አለቀ።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። እዚህ ኦስሎ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በኖርዌይ ሹማምንትና በአማርኛ ተናጋሪ ባለጉዳዮች መካከል ተቀምጬ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳቀብል ኖርኩ። ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የማላውቀው የመጠበቂያ ወንበር የለም። ክፍያው በሰዓት ነው፤ አያበለጽግም፣ አያስርብም። የብዙ ሰው ምስጢር ሆዴ ውስጥ አለ፣ እዚያው ይቀራል። እዚህ የማነሳው ባለጉዳይ ግን «ይጻፉት» ብሎ ፈቅዶልኛል። ስሙን ብቻ ለውጬ ግርማ ብየዋለሁ።

መጨረሻ አካባቢ ሥራው ሌላ ሆኖ ነበር። ከሰው ጋር አንድ ክፍል መቀመጥ ቀርቶ ሁሉም በስልክና በስክሪን ሆነ። ኩሽናዬ ውስጥ ተቀምጬ የማላየው ሰው ስለ ሕመሙ ይነግረኛል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ድምፁ ይጠፋና የሌላ ሰው ድምፅ ይተካል። አሁን ደግሞ ማሽን ሊተረጉም ነው ይላሉ። ይተርጉም። ማሽን ሰው ሲያፍር አያይም ብዬ ልሳለቅበት እችል ነበር፤ ነገር ግን እኔ ራሴ አይቼ ዝም ያልኩበት ቀን ስላለ ብዙ አልኮራበትም።

በሥራ ዘመኔ ከስሜ ይልቅ ደጋግሜ የጠራሁት ቃል «ፍሪስት» ነው። ኖርዌጂያኖች ፍሪስት የሌለው ጉዳይ የላቸውም። ለይግባኝ ፍሪስት አለ፣ ለማስረጃ ፍሪስት አለ፣ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ለማስገባትም ፍሪስት አለ። እኔ «ቀነ ገደብ» እያልኩ እተረጉመው ነበር፤ ስህተት አይደለም፣ ማንም አርሞኝ አያውቅም። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኢድሪስ ግን በዚህ ትርጉም አይደሰቱም ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ ኤርትራዊ ናቸው፤ ወጣት ሳሉ አስመራ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። አፍ የፈቱት በትግርኛ ነው፣ አማርኛውን የተማሩት ከመዝገብ ነው፤ ሆኖም እኔን የአዲስ አበባዋን ልጅ አማርኛ ያርሙኝ ነበር። ክራባት ሳያስሩ ሥራ አይገቡም። ለቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይደርሱና ከባለጉዳዩ ጋር ሳያወሩ፣ ምንም ሳያነቡ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በአንድ ጠዋት ሁለት ሥራ አይዙም። «ሁለት ቦታ የተቀጠረ ሰው ሁለቱም ጋ የለም» ይሉ ነበር። እኔ ያኔ በየሰዓቱ እዘላለሁ፣ የሳቸው ዝግታ ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል።

አንድ ወፍራም ደብተር ነበራቸው፤ ለአንድ ቃል አንድ ገጽ። የሚበዙት የጊዜ ቃላት ነበሩ፤ ቀጠሮ፣ ፋታ፣ እፎይታ፣ መዘግየት፣ ማመንታት። ባለጉዳይ ሁሉ የሚመጣው ወይ ጊዜ አልቆበት ወይ ጊዜ ተርፎት ነው ይላሉ። የዕረፍት ቀናቸውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ነበር የሚያሳልፉት። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ አስቆሙኝና የፍሪስትን ገጽ አሳዩኝ።

«ይኸውልሽ፣ ይህን ቃል የጥንት እንግሊዞችም ነበራቸው» አሉኝ። «ፍሪስት ነበር የሚሉት፣ በዚሁ አጠራር ማለት ይቻላል።»

«ዛሬ የላቸውም?»

«ዛሬ ሞቷል። መጀመሪያ ጊዜ ማለት ብቻ ነበር፣ እንዲሁ የጊዜ ልክ። ቀጥሎ ለሰው የሚሰጥ ጊዜ ሆነ፣ ፋታ እንደምንለው። ከዚያ መዘግየት ሆነ። ‹ያለ ፍሪስት› ሲሉ እኛ ሳይውል ሳያድር የምንለው ነው። ግስም ነበረው፤ አንድን ነገር ለሌላ ቀን ማሳደር፣ ዕቃ ሰጥቶ ክፍያው ይቆይ ማለትም ጭምር። ስኮትላንድ ውስጥ ትንሽ ሰንብቶ እዚያም ጠፋ። እዚያ ተረትም ነበራቸው፤ ለሌላ ቀን የተላለፈ ነገር ይቅር የተባለ ነገር አይደለም የሚል።»

እኔ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው። «ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል፣ ጋሽ ኢድሪስ?»

«ሹሙ ፍሪስት ሲል የሚያየው መጨረሻዋን ቀን ነው። ባለጉዳዩ ደግሞ የሚያስፈልገው እስከዚያች ቀን ያለው ነው። እኔ ስተረጉም ‹ቀነ ገደብዎ› አልልም። ‹የተሰጠዎት ጊዜ እስከዚህ ቀን ነው› እላለሁ። ሐሰት አለበት?»

«ሐሰትማ የለበትም። እርስዎ ግን ሬሳ ቢያሳዩዎት ‹ትንሽ ደክሞታል› ብለው ይተረጉሙታል።»

ሳቁ። ባቡሩም አመለጠኝ። በልቤ ሽማግሌው ሥራ ፈተው ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው አፍራለሁ።

ከሳቸው ከቀሰምኩት ሁሉ የሚበልጠውን ያየሁት ግን ሆስፒታል ነው። ገና ተለማማጅ ሆኜ ጥግ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። አንዲት ባልቴት ወገባቸውን ተሰብረው ታክመው ሊወጡ ነው። ሐኪሟ «ቤት ድረስ መጥቶ ገላዎን የሚያጥብዎ ሰው ይፈልጋሉ?» አለቻቸው።

«ኧረ አልፈልግም፣ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ባልቴቷ።

ጋሽ ኢድሪስ ይህንኑ ሳይቀንሱ ተረጎሙ። ሐኪሟ ልትጽፍ ስትል በኖርዌጂያን «አስተርጓሚው ጥያቄው እንዲደገም ይጠይቃል» አሉ። ግራ ገብቷት ደገመች። ባልቴቷም «ምን አስቸገራችሁ፣ ይቅር» አሉ። ጋሽ ኢድሪስ ይህንንም ተርጉመው፣ እንደገና እንዲደገም ጠየቁ። ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰችና ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች። ባልቴቷ ወለል ወለሉን እያዩ «እንግዲህ ካልከበዳችሁ… ጀርባዬን አልደርስበትም» አሉ።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው። «ይህ ጣልቃ መግባት አይደለም? ደንቡ አትጨምሩ አትቀንሱ ይላል።»

«ምን ጨመርኩ? ጥያቄው የሐኪሟ ነው፣ መልሱ የሴትዮዋ ነው። አስተርጓሚ ይደገምልኝ ማለት መብቱ ነው። አንቺስ ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ አንዴ ‹ብላ› ብለሽ፣ ‹በቃኝ› ሲልሽ ሳህኑን ታነሺያለሽ? የእኛ ሰው የመጀመሪያው አይ ጨዋነት ነው፤ መልስ አይደለም። እዚህ አገር ግን የመጀመሪያውን ይጽፉታል። ተጻፈ ደግሞ አለቀ።»

ይህን ልምድ ወረስኩ። ለብዙ ዓመት ሠራሁበት። ሹሞች ይሰለቹኛል፣ አንዷ «ጆሮሽን ተመርመሪ» ብላኛለች፣ መቆጣጠር የሚወድ አለቃዬም «ያንቺ ቀጠሮ ለምን ከሌላው ሁሉ ይረዝማል?» ብሎ ጠርቶኛል። ይኸው አለቃ በኋላ ሁለት ሁለት ሥራ በአንድ ጠዋት ይሰጠኝ ጀመር። እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ መሮጡን እወደዋለሁና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኔ ነው።

ግርማን ያገኘሁት በእንደዚያ ዓይነት ጠዋት ነው። መሃል ከተማ ቢየርቪካ ያሉትን ባለ መስታወት ቢሮዎች የሚያጸዳ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አንዲት ሴት ልጁ ደሴ እህቱ ዘንድ ነበረች፤ ሜሮን ልበላት። ሊያስመጣት አመልክቷል። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሆኗታል፤ ይህ ማመልከቻ ወድቆ አሥራ ስምንት ከሞላት እንደ ልጅ ዳግም ማመልከት አይቻልም፣ በሩ ይዘጋል። የጎደለው አንድ ወረቀት ነው፤ የእናትየው የሞት ማስረጃ። እናትየው የሞተችው ገጠር ነው፣ የወረዳው መዝገብ ደግሞ ስንት ወር ተፈልጎ የሚገኝ ነው።

የቀጠሮው ክፍል ትንሽ ነበር። ጉዳዩን የያዘችው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። «ወረቀቱን ለማቅረብ የሦስት ሳምንት ፍሪስት አለዎት» አለችው፤ ቀጥላም «አይበቃኝም ካሉ ላራዝምልዎት እችላለሁ። ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋሉ?» ብላ ጠየቀችው። ሰዓቴን ሰረቅ አድርጌ እያየሁ ተረጎምኩ።

ግርማ ወንበሩ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ። «አይ፣ ግድ የለም። ይበቃኛል» አለ።

አወቅኩት። ሦስት ሳምንት እንደማይበቃው ከእሱ በፊት እኔ አውቄያለሁ፤ የአገሬን ወረዳ ጽሕፈት ቤት አውቀዋለሁ። «አስተርጓሚዋ ጥያቄው እንዲደገም ትጠይቃለች» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ለአምስት ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ በአምስት ሰዓት ሌላ ሰፈር፣ ኦከርን፣ ቀጠሮ አለኝ፣ አለቃዬ ባለፈው ሳምንት ስለ መዘግየቴ ተናግሮኛል። ሰዓቴን ደግሜ አየሁ። «አይ፣ ይበቃኛል» ብዬ በኖርዌጂያን አቀበልኩ። ሴትዮዋ ጻፈች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እኔም ደብተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ።

ኦከርን በሰዓቱ ደረስኩ። የዚያኛው ባለጉዳይ ቀረ። አርባ ደቂቃ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

የሞት ማስረጃው የመጣው በአራተኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል፤ ወረቀቱ በመጣበት ሳምንት ደግሞ ሜሮን አሥራ ስምንት ሞልቷታል። ይግባኝ አለ። የይግባኙ መልስ ሲመጣ ፉሩሴት የገበያ ማዕከሉ ውስጥ አገኘኝና «እስቲ ያንብቡልኝ» ብሎ ደብዳቤውን ሰጠኝ። ቆመን አነበብኩለት። ከመሃሉ እንዲህ የሚል መስመር ነበር፦ አመልካቹ ተጨማሪ ጊዜ እንደማያስፈልጋቸው በአስተርጓሚ አማካይነት ገልጸዋል። ይህንንም ተረጎምኩለት።

«ልክ ነው፣ ብያለሁ» አለ። ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ።»

ለጋሽ ኢድሪስ ሄጄ ተናዘዝኩ። ያኔ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለሰውየው ንገሪው እንጂ» አሉኝ። «እነግረዋለሁ» አልኳቸው። «መቼ?» አሉኝ። በዚያው ክረምት ዐረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ከሰው ሁሉ አርፍጄ የደረስኩት እኔ ነበርኩ፤ ሥራ ይዤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግርማን በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ የምንኖረው አንድ ሰፈር ነው። ባቡር ላይ ቦታ ይለቅልኛል። ዕቃ ይዤ ካየኝ እስከ በሬ ያደርስልኛል። «እርስዎ ባይኖሩ ያኔ ቋንቋውን ማን ያቀናልኝ ነበር?» ይላል፣ ሰው ፊት ሳይቀር። እሱ ባመሰገነኝ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። አንዳንዴ ከሩቅ ሳየው ወደ ሌላው ፉርጎ እሄድ ነበር። ለሌላ ሰው ቃል አንድም ቀን ያልጠፋኝ ሴት ለራሴ ጉዳይ ዘጠኝ ዓመት አፍ አጣሁ።

በጡረታዬ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ከባቡር ምልልሴ ተመልሼ ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ወደ እሱ ሕንፃ ሄድኩ። ሁለት ሕንፃ አለፍ ብሎ ነው። በሩን ሲከፍት ደነገጠ፤ ቤቱ ሄጄ አላውቅም። ካፖርቴን ተቀብሎ ሰቀለልኝ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

«አቶ ግርማ፣ የሚያስከፋዎት ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም።» ከዚያ ነገርኩት። ያቺን ጠዋት፣ የኦከርኑን ቀጠሮ፣ እንዲደገም መጠየቅ እየቻልኩ አለመጠየቄን፣ ሁሉንም። አላሳጠርኩትም፣ አላሳመርኩትም።

ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠረገ። ቀና ሲል «መቸኮልዎንማ አውቅ ነበር» አለኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሰዓትዎን ሲያዩ አየሁዋ። ‹ጊዜ ጨምሩልኝ› ልል ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ሌላ ፎርም ታመጣለች፣ ያ ሁሉ ይተረጎማል፣ እርስዎ ያረፍዳሉ። በእኔ ምክንያት ከእንጀራዎ እንዳይጣሉ ብዬ ነው አይ ያልኩት።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን መጻፍ ይከብደኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሴትዮዋ ያሳየውን ጨዋነት ሳልተረጉም የቀረሁ ነበር የሚመስለኝ። ይሉኝታው ለእኔ ኖሯል። «ቢደገምስ ኖሮ?» አልኩት።

«ቢደገምማ ችኮላ የለም ማለት ነው። እናገር ነበር።»

አለቀስኩ፤ እሱ ፊት፣ እንደ ልጅ። ውሃ አመጣልኝ። ዕንባዬን ስጠርግ «ሜሮንስ? ለሷ ይህን ነግረዋታል?» ብዬ ጠየቅኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ደብዳቤውን ልኬላት ነበር፣ መታገሌን እንድታይ ብዬ። አስተረጎመችው። ያቺን መስመር አገኘቻት። ‹አባዬ፣ ጊዜ እንጨምርልህ ሲሉህ አይ አልካቸው?› አለችኝ። ‹አዎ› አልኳት። ‹ለምን?› አለች። ምን ልበላት? አስተርጓሚዋ ቸኩላ ነው ብላት ሰው ላይ ማሳበብ ነው። ዝም አልኩ። አልፈለገኝም ብላ ደመደመች። አሁን አግብታ ወልዳለች። ለዓመት በዓል ትደውላለች፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ ቻው።»

«አሁን ይደውሉላትና ለእኔ ይስጡኝ።»

አየኝ። ስልኩን አነሳና ደወለ። ስታነሳ «አንድ ሰው ላገናኝሽ» ብቻ ብሎ አቀበለኝ።

አስተርጓሚ ሥራ ላይ «እኔ» ሲል ራሱን ማለቱ አይደለም። «እኔ አሞኛል» ስል በሽተኛው ነው፣ «እኔ ፈርጃለሁ» ስል ዳኛው ነው። ያን ቀን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ስል ግን የምናገረው የራሴን ነበር፣ ቃሉም ከበደኝ። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግኩ፣ አባቷ ለምን አይ እንዳለና ለምን ዘጠኝ ዓመት ዝም እንዳላት ነገርኳት። «አባትሽ አንቺን ጠልቶ አይደለም። እኔን እንጀራዬን እንዳያሳጣኝ ብሎ ነው» አልኳት።

በወዲያኛው ጫፍ ሕፃን ያወራል። ስልኩን ለአባቷ ልመልስ ስል ድምጿን ሰማሁ።

«አባቴ አጠገብዎት አለ?»

«አለ።»

«ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። «አቤት ልጄ» ሲል ሰማሁና ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ካፖርቴ እሱ ቤት መቅረቱ ትዝ አለኝ። ከበሩ ጀርባ የግርማ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፣ ግን ከፍ ብሏል፣ ሲስቅም ሲያለቅስም ይመስላል። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ደረጃውን ወርጄ በሹራብ ብቻ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ውጭው በረዶ ነበር፣ በጣም በረደኝ።